ድረ ገጹ ሁሉ ፈረንሳይኛ ሲሆንብህ

ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ላፕቶፕ የገዛ የሰፈራችን ልጅ ሰሞኑን ዕቃውን ታቅፎ ከዚራ ድረስ መጣብኝ። ላፕቶፑ ደህና ነው፤ የሚከፍተው ገጽ ግን ሁሉ ፈረንሳይኛ። «መስመሩ በጅቡቲ ስለሚያልፍ ይሆን እንዴ?» አለኝ። የኛ ኢንተርኔት እውነትም በጅቡቲ በኩል ይገባልና ጥርጣሬው አይናቅም። ጥፋቱ ግን የመስመሩ አይደለም።

ብሮውዘር (እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ) አንድን ገጽ ሲጠይቅ ባለቤቱ የሚመርጠውን ቋንቋም አብሮ ይናገራል። አክሴፕት ላንጉዌጅ ይባላል። ድረ ገጹ በዚያ ቋንቋ የተዘጋጀ ገጽ ካለው እሱን ይሰጥሃል። የልጁ ላፕቶፕ የቋንቋ ዝርዝር ላይ የነበረው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። (ድሬ አንቱታ አታውቅምና «አንተ» እያልኩ ልቀጥል።)

በክሮም እንጀምር። ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫን፤ ብሮውዘሩ በአረብኛ ከሆነ ግን ገጹ ስለሚገለበጥ በስተግራ ፈልጋቸው። ሴቲንግስ ውስጥ ግባ፤ በፈረንሳይኛው «ፓራሜትር» የሚለው ነው። ከዚያ ላንጉዌጅስን ክፈትና አማርኛን ጨምር። መጨመሩ ብቻ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አዲሱ ቋንቋ ከታች ስለሚሰለፍ አጠገቡ ያሉትን ነጥቦች ተጭነህ ወደ አናት አውጣው።

እንግሊዝኛን አታጥፋው። ብዙ ድረ ገጽ አማርኛ የለውም፤ ሁለተኛ ምርጫ ካላገኘ የራሱን መነሻ ቋንቋ ያመጣብሃል። እንደ ድሬ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛ ብትደረድርም ያምራል።

ፈረንሳይኛውን ላጥፋ ብትል ክሮም እምቢ ሊልህ ይችላል። የራሱ ሜኑ የተጻፈበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። የሜኑው ቋንቋና የገጾቹ ቋንቋ ለየብቻ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ ሜኑውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይር፣ ክሮምን ዘግተህ ክፈት፣ ከዚያ ታጠፋዋለህ።

ፋየርፎክስ ላይም ሴቲንግስ ውስጥ የቋንቋ ክፍል አለ፤ አሠራሩ ያው ነው። አይፎን ላይ ሳፋሪ የሚከተለው የስልኩን ቋንቋ ስለሆነ የምትቀይረው በስልኩ ሴቲንግስ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህም የማይለወጥ ገጽ ይኖራል። አንዳንዱ ያለፈ ምርጫህን በኩኪ (ድረ ገጹ ብሮውዘርህ ውስጥ በሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ) ይዞ ይቆያል፤ የዚያን ገጽ ኩኪ አጥፋና እንደገና ክፈተው። አንዳንዱ የሚያየው ያለህበትን አገር ነው። ዊኪፔዲያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ አድራሻ ስላለው አማርኛውን ራስህ መክፈት አለብህ።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ካየህ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) የለህም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ስለሚገኝ እሱን ጫን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ገጽ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ቢያሳይህ የቋንቋ ምርጫህን በመቀየር አይስተካከልም።

ልጁ ገጾቹ ሲስተካከሉለት ጊዜ «በዚያው ኪቦርዱንም» አለና የዊንዶውሱን ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረው። ቁልፎቹ ላይ የታተመው ግን የፈረንሳይ አደራደር ነው። «A» የተጻፈበትን ቁልፍ ሲጫን «Q» እየወጣበት የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ተሳሳተ።