ኦኤች ባዩ ቁጥር «አልኮል» ለሚሉ ተማሪዎች

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። የኦርጋኒክ ውህዶች ስም ላይ ስንደርስ ጎበዙም ደካማውም እዚያው ቦታ ይሰናከላል። ስንፍና አይደለም። ካርቦን ቆጠራ ይጀምሩና ፈንክሽናል ግሩፑን (የውህዱን ባህሪ የሚወስነውን የአቶሞች ስብስብ) መጨረሻ ላይ ያስታውሱታል። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ከፈንክሽናል ግሩፑ የሚመጣው የስሙ ጭራ ይታወቅ።

ችግር፦ ኢታኖይክ አሲድን አልኮል ማለት

«ቲቸር፣ ኦኤች አለው እኮ!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ኦኤች (የተያያዙ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን) አለው።

ምክንያቱ አጻጻፉ ነው። ፎርሙላው በአንድ መስመር ሲጻፍ መጨረሻው ሲኦኦኤች (COOH) ይሆናል። ዓይን ኦኤቹ ላይ ያርፍና ከፊቱ ያለውን ይዘለዋል።

መፍትሄ፦ ኦኤቹን የተሸከመውን ካርቦን እዩት። ሌላ ኦክስጅን በድርብ ቦንድ ይዟል? ከያዘ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው፤ ጭራው «ኖይክ አሲድ»። ነጠላ ቦንድ ብቻ ካለው አልኮል ነው፤ ጭራው «ኦል»። ከተጠራጠራችሁ ቦንዶቹን ዘርግታችሁ ሳሉ። ሰዓት ይበላል ብላችሁ አትለፉት።

ይህን ልዩነት ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አረቄ የሚያሰክረው በኢታኖል ነው። ጠላ ሲቆይ የሚኮመጥጠው ደግሞ ባክቴሪያዎች ከአየር ኦክስጅን እየወሰዱ ኢታኖሉን ወደ ኢታኖይክ አሲድ ስለሚቀይሩት ነው። ሁለቱም ባለሁለት ካርቦን ናቸው። ጭራው ብቻ ተለወጠ፣ ጣዕሙም አብሮ ሄደ። ከሱቅ የምትገዙት አቼቶም ይኸው አሲድ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጉበት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ እየሆነ ይወጣል። አረቄ ላይ ብትሞክሩት አረፋ የለም። እኔ ይህን አንዴ ያየ ተማሪ ሁለቱን ሲያምታታ አላየሁም።

ችግር፦ ፕሮፓናልና ፕሮፓኖን መምታታት

ሁለቱም 3 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅን፣ 1 ኦክስጅን አላቸው። ቆጠራ አይለያቸውም።

መፍትሄ፦ ኦክስጅንን በድርብ ቦንድ የያዘው ካርቦን የት ነው? ዳር ላይ ከሆነ አልዲሃይድ ነው፤ ጭራው «ናል»። በሁለት ካርቦኖች መሃል ከሆነ ኬቶን ነው፤ ጭራው «ኖን»። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን ፕሮፓኖን ነው። ላብራቶሪ ካላችሁ የቶለንስ ሙከራ ይለያቸዋል፤ ፕሮፓናል የመሞከሪያ ቱቦውን ውስጥ እንደ መስታወት በብር ይለብጠዋል፣ ፕሮፓኖን አይለብጠውም።

ችግር፦ «3-ቢዩታኖል»

ሁልጊዜ ከግራ የመቁጠር ልማድ ነው። ለኦኤቹ ከሚቀርበው ጫፍ ቁጠሩ፤ 2-ቢዩታኖል ይሆናል።

ችግር፦ የኤስተር ስም መገልበጥ

ኤስተር አሲድና አልኮል ተዋህደው የሚሰጡት ውህድ ነው። ኢታይል ፕሮፓኖኤትና ፕሮፓይል ኢታኖኤት ሁለቱም 5 ካርቦን አላቸው፤ ግን የተለያዩ ውህዶች ናቸው። ስለዚህ ግልባጩን መጻፍ ሌላ ውህድ መጻፍ ነው።

መፍትሄ፦ ድርብ ቦንድ ያለውን ካርቦን ፈልጉ። እሱን ጨምሮ በእሱ ወገን ያለው ሰንሰለት «ኖኤት» የሚለውን ጭራ ይወስዳል። ከነጠላ ቦንዱ ኦክስጅን ማዶ ያለው በ«ይል» ተጠርቶ ከፊት ይቀመጣል።

ችግር፦ ሁለት ፈንክሽናል ግሩፕ በአንድ ውህድ

እዚህ ብዙዎች እስክሪብቶ ያስቀምጣሉ። ለጭራው ቅድሚያ አለ፤ አሲድ፣ ኤስተር፣ አልዲሃይድ፣ ኬቶን፣ አልኮል፣ አሚን (ናይትሮጅን ያለው) በዚህ ተራ ይሄዳሉ። የተሸነፈው ከፊት ይገባል። እርጎን የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ ውሰዱ። 3 ካርቦን አለው፣ ዳሩ ላይ አሲድ፣ መሃሉ ላይ ኦኤች። አሲዱ ጭራውን ይይዛል፣ የራሱ ካርቦንም ቁጥር 1 ነው። ኦኤቹ «ሃይድሮክሲ» ተብሎ ከፊት ይገባል፦ 2-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ።