ሰሜን ሸዋ ደጋ ለማስተማር ለምትሄዱ

መንዝ አካባቢ ገጠር ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ልታስተምሩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ ደውላችሁ ስለ ጊዜው ተነጋገሩ። በአጨዳ ወቅት ብዙ ልጆች ማሳ ላይ ይውላሉ። የገበያ ቀንም ክፍሉ ሊሳሳ ይችላል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ደግሞ ውርጩ ቀልድ አይደለም! ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከዚያም ትበልጣለች። ከአዲስ አበባ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክማችሁ አትልፉ፤ እዚያው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ግዙ። ብርዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ገንዘቡም ለሸማኔው ይገባል።

ደብተር ገዝታችሁ ከመጫናችሁ በፊትም ምን እንደጎደለ ጠይቁ። አንዳንዴ የጠፋው ጠመኔ ወይም የሰሌዳ ቀለም ነው። ፓወር ባንክ ግን ሳትጠይቁ ያዙ።