ከደሴ ሆናችሁ ኮከብ በኳዋር ስትጋረድ እንዴት ትቀዳላችሁ (ቀኑን እንዳትስቱ!!)

ሰላም ወሎዬዎች። በ2012 ሰኔ 14 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ያያችሁ ሰዎች ይሄ ነገር ቶሎ ይገባችኋል፣ ጥላው የሚያልፍበት መስመር ላይ ካልቆምክ ምንም የለም። እዚህ ግን የሚጋርደው ጨረቃ ሳይሆን ከኔፕቱን ማዶ ያለ የበረዶ አካል ነው፣ የምትጋረደው ደግሞ አንዲት ሩቅ ኮከብ፣ ኦከልቴሽን ይሉታል። ኳዋርን ውሰዱ፣ ስፋቱ 1,100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ እሱን ራሱን በኛ ቴሌስኮፕ ማየት አይታሰብም፣ የምታዩት ኮከቧ ድርግም ብላ ጠፍታ ደቂቃ ሳይሞላ ቦግ ስትል ነው፣ አለቀ።

መጀመሪያ ኦከልት ዎቸር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ያላችሁበትን ቦታ አስገቡ፣ ጥላው በናንተ በኩል የሚያልፍበትን ቀን ራሱ ያወጣላችኋል። 8 ኢንች ቴሌስኮፕና እሱ ላይ የሚገጠም ሲሞስ ካሜራ ካላችሁ እስከ 13 ማግኒቲዩድ (የኮከብ ድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቧ ትደበዝዛለች) ያለችዋን ምረጡ፣ ከዛ የደበዘዘች ላይ አትድከሙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እኔ የተበላሁበት። ሰዓቱ የሚመጣው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። ለምሳሌ ለሌላ እንደ ኳዋር ያለ አካል ኦክቶበር 25፣ 22:40 ቢል 3 ሰዓት ስትጨምሩ የ26 ከሌሊቱ 1:40 ይሆናል፣ በኛ ሌሊት 7:40 ማለት ነው። ኦክቶበር 26 ጥቅምት 16 ነው፣ እኔ ሞኙ "የ16 ሌሊት" ብዬ 16 ቀን ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ኩታበር አጎቴ ግቢ ወጣሁ፣ ኮከቧ እስኪነጋ ንቅንቅ አላለችም!! ጥላው ለካ ባለፈው ሌሊት ሄዷል፣ ለ16 አጥቢያ ነበር'ኮ። የፈረንጅ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል የኛ ግን ሲነጋ ነው፣ ስለዚ ወረቀት ላይ "ለ16 አጥቢያ፣ ከ15 ማታ ጀምሮ" ብላችሁ ፃፉ። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን እንደሚዛነፍ አትርሱ።

የላፕቶፑም ሰዓት እንደዛው ነው፣ ጥላው ብዙ ጊዜ በሰከንድ 20 ምናምን ኪሎሜትር ስለሚበር ግማሽ ሰከንድ ብትስቱ 10 ኪሎሜትር ሳታችሁ ማለት ነው። ኔትወርክ ካለ በኢንተርኔት አስተካክሉት፣ ከተቻለ ግን ለሰዓት ተብሎ የተሰራ ጂፒኤስ ይሻላል።

ወቅቱ ትንሽ ያናድዳል። ኳዋር ደህና የሚታየው ሰኔ አካባቢ ነው፣ ኮከብ የሞላበት ሰፈር ስላለ ብዙ ይጋርዳል ግን ክረምት እየገባ ነው። እንደ ኳዋር ከኔፕቱን ማዶ ያሉት ሃውሚያና ማኬማኬ መጋቢትና ሚያዝያ፣ እሱን ደግሞ በልግ ይወስደዋል። ሌላዋ ኤሪስ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ትመጣለች ግን ያለችበት ቦታ ኮከብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ምን ይደረግ።

ጦሳ ላይ ልውጣ የምትሉ ለቀበሌና ለጎረቤት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ በጨለማ ያን ቱቦ ወደ ሰማይ ቀስሮ የቆመ ሰው ያየ ቴሌስኮፕ ነው ብሎ አያስብም። መብራት ስለሚጠፋም ባትሪ ሞልታችሁ ያዙ።

ኮከቧን በስቴላሪየም ካርታ ከአንድ ሰዓት በፊት ፈልጋችሁ ያዙ፣ አጠገቧ ያለች ሌላ ኮከብ አብራ ፍሬሙ ውስጥ ትግባ፣ ደመና ከመጣ ሁለቱም ይደበዝዛሉ፣ ኳዋር ከሆነ ግን አንዷ ብቻ። ሻርፕካፕ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ስትቀዱ ኤክስፖዠሩ ከግማሽ ሰከንድ አይብለጥ፣ አውቶ ጌን (ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግበትን) አጥፉ፣ ፋይሉን ኤምፒ4 አታድርጉት ዳታውን ያበላሸዋል፣ ኤስኢአር ወይም ፊትስ ይሁን። ከሰዓቱ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ካለፈም በኋላ 10 ደቂቃ አታቁሙ፣ በፈረንጆቹ 2023 ይፋ የሆነው የኳዋር ቀለበት የተገኘው ከዋናው መጋረድ በፊትና በኋላ ኮከቧ ትንሽ ትንሽ ስትደበዝዝ ነው። ቻሪክሎ የምትባለው ትንሽ አካልም በፈረንጆቹ 2013 ላይ ቀለበት እንዳላት የታወቀው በዚሁ ነው።

ጓደኛ ካላችሁ አትሰባሰቡ፣ ጥላው ወደ ምዕራብ ወይ ወደ ምስራቅ የሚሄድ ከሆነ አንዱ ደሴ አንዱ ወልድያ አንዱ ቆቦ ይሁን፣ እያንዳንዱ ጋ የጠፋችበት ሰከንድ ስለሚለያይ የኳዋር ቅርፅ ከዛ ነው የሚሰራው።

ሲያልቅ ታንግራ በሚባለው ፕሮግራም የኮከቧ ብርሃን ከፍ ዝቅ ሲል የሚያሳየውን መስመር አውጡና ትንበያውን ላወጡት ሰዎች ላኩ። ቆቦ ያለው ምንም ሳይጠፋበት ቢያድር እንኳ እሱም ይላክ፣ ጥላው እዛ እንዳልደረሰ የሚያሳየው የሱ ቪዲዮ ነው።