ብዝኃነት፣ የኑሮ ልዩነትና ግጭት በሰሜን ሸዋ እንዴት ይጠናሉ?

በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ አስቀድሞ አካባቢውን ይለይ፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞንና ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያ ክልል ዞን ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ስለሚባሉ፣ መረጃቸው ከተቀላቀለ ስሌቱ ከመነሻው ይበላሻል።

ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት የብዝኃነት መለኪያ ምርጫን ነው። የመከፋፈል መለኪያ፣ ማለትም ሕዝቡ በብሔር ወይም በሃይማኖት ቡድኖች ምን ያህል እንደተከፋፈለ የሚያሳየው ቁጥር፣ የየቡድኑን የሕዝብ ድርሻ በራሱ አባዝቶ ከደመረ በኋላ ድምሩን ከ1 ይቀንሳል፤ ስለዚህ እኩል የሆኑ 10 ቡድኖች 0.9፣ እኩል የሆኑ 2 ቡድኖች ደግሞ 0.5 ይሆናሉ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኢስቴባንና ሬይ በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የዋልታነት ሐሳብ ግን ውጥረት የሚበረታው ሕዝብ በጥቂት ትልልቅ ጎራዎች ሲከፈል ነው ይላል፤ ሌሎቹ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ሞንታልቮና ሬይናል-ኬሮል ዋልታነትን ለመለካት በ2005 እ.ኤ.አ. በተጠቀሙበት ቀመር ሁለቱ ቡድኖች 1፣ አሥሩ 0.36 ብቻ ያገኛሉ። ተመራማሪው ሁለቱንም ያስላ፤ በእኔ እምነት በአንዱ ብቻ የቆመ ድምዳሜ አያስተማምንም።

የቡድኖቹን ድርሻ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መውሰድ ይሻላል። ቁጥሩ ያረጀ ቢሆንም፣ ግጭት ራሱ ሰው አፈናቅሎ የሕዝቡን ስብጥር ስለሚለውጥ፣ ከግጭቱ በኋላ የተሰበሰበ ቁጥር ምክንያትንና ውጤትን ያደባልቃል።

የኑሮ ልዩነትን በሚመለከት፣ የገቢ ወይም የሀብት ልዩነትን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር የሚያሳየው የጂኒ መለኪያ ልዩነቱ በቡድኖች መካከል ይሁን በአንድ ቡድን ውስጥ ስለማይለይ፣ ሁለቱ ተለያይተው ይሰሉ። የመንዝ ደገኛና የሸዋ ሮቢት ቆለኛ ሀብታቸው በአንድ መልክ ስለማይገኝ፣ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ መሬት፣ ከብትና መስኖ ይጠየቁ፤ የመጠይቁም የብሔርና የሃይማኖት ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ ይምጡ፣ የመላሹም ስም አይመዝገብ።