ባሕር ዳር ላይ የኔትወርክ ባለሙያዎችን ጉባኤ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

150 የኔትወርክ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስባችሁ ዋይፋዩ እምቢ ካለ፣ ከዚያ በኋላ የምታወሩትን የሚሰማ የለም። ሁሉም ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ችግሩን ፍለጋ ይገባል። ጥቂቱ ያዝንላችኋል፣ የቀረው ይስቅባችኋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ባነርና ስለ ቦርሳ ብዙ አይልም። የሚያተኩረው ጉባኤውን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ነገር ላይ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያዎች መሰባሰብ የቆየ ልማድ ነው። የሰሜን አሜሪካው ናኖግ በ1994 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የአፍሪካው አፍኖግ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረገ። የሚመጡት ራውተር የሚያዋቅሩ፣ ፋይበር የሚዘረጉ፣ የዩኒቨርሲቲና የባንክ ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ሁለት ቀን ሥልጠና፣ አንድ ቀን ንግግር ለጀማሪ አዘጋጅ ይበቃል።

ቀን መምረጥ

ሐምሌንና ነሐሴን እርሱት፤ ዝናብ ነው። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሆቴል አይገኝም። እኔ የምመርጠው የኅዳርን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ገና አልደረሰም። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካደረጋችሁት የጾም ምግብ የግድ የሚሆንባችሁ ረቡዕ ብቻ ነው። (የጾም ቀን ዓሣ የሚበላም፣ የማይበላም አለ። ሽሮውን ሁልጊዜም አስቀምጡ።)

ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «3 ሰዓት ይጀመራል» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ፣ የናይሮቢው ተናጋሪ በእኛ 9 ሰዓት ላይ ተረጋግቶ ይመጣል።

ሌላው ደብዳቤ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ራሱ ስለፈለገ ብቻ አይመጣም። አለቃው ጠረጴዛ ላይ ማኅተም ያለበት ጥሪ መድረስ አለበት። አበሉን ማን እንደሚችልም ከወዲሁ ይታወቅ። ደብዳቤውን ቢያንስ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ላኩ፤ በየቢሮው የሚያድርበትን ጊዜ አስቡ።

አዳራሹን ስታዩ

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ፦ የሐይቁ ዳር ሆቴሎች፣ ወይም እንደ ፔዳና ፖሊ ያሉት የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች። የሆቴሉ መስኮት ጣናን ያሳያል። የግቢው ጥቅም ደግሞ የሚያግዙ ተማሪዎች በቅርብ መኖራቸው ነው።

የትም ሂዱ፣ «ኢንተርኔት አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዋይፋይ አለን» ይሏችኋል፤ ይህ መልስ አይደለም። ፋይበሩ የትኛው ክፍል ድረስ እንደሚገባ ጠይቁ። ክፍሉን አስከፍቱና በዓይናችሁ እዩ። ላፕቶፕ በኬብል ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።

ከተቻለ ሁለት መስመር ይኑራችሁ፣ ከሁለት ድርጅት። ሁለቱ በአንድ ቦይ የሚያልፉ ከሆነ ግን አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። በየት በኩል እንደሚመጡ ጠይቁ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የውጭው መስመር ጂቡቲን በመሳሰሉ ጎረቤቶች በኩል ነው የሚያልፈው። ከጣና ዳር እስከ ባሕሩ ያለው የየብስ ጉዞ ረጅም ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ የሥልጠናውን ላብራቶሪ ኢንተርኔት ላይ አትስቀሉት። አንድ ጠንካራ ሰርቨር አዳራሹ ውስጥ አስቀምጡ፤ የሰልጣኞቹ ምናባዊ (በሶፍትዌር ብቻ የሚሠሩ) ራውተሮች እዚያው ይሥሩ። መስመር ቢቋረጥም የቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ የሚነጋገሩበት ደንብ) ትምህርቱ ይቀጥላል።

አድራሻው እንዳያልቅ

የኔን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ስብሰባ ላይ ኔትወርኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እስከ ሻይ ሰዓት ሁሉም ሰላም ነበር። ሰው ከሻይ ሲመለስ ግማሹ ይገናኛል፣ ግማሹ አይገናኝም። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ኬብል ቀየርኩ። ነገሩ ግን ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ለመገናኘት የሚያስፈልገው የአይፒ አድራሻ አልቆ ነው።

ብዙ ጊዜ ሳይነኩት የሚተው የዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ የሚያድለው አሠራር) ቅንብር /24 በሚባል የአድራሻ ክልል ነው የሚሠራው፤ 254 አድራሻ ብቻ ማለት ነው። 150 ሰው ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ 300 ይሆናል። ሰዓትና ታብሌት የጨመረውን ሳንቆጥር። ይባስ ብሎ አንዴ የተሰጠ አድራሻ ለ24 ሰዓት እንዲቆይ ተደርጎ ነበር፤ ሰውየው ወጥቶ ቢሄድም አድራሻው አይመለስም።

መድኃኒቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። /22 ስጡ፤ 1022 አድራሻ ይሆናል። የቆይታውን ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት አውርዱት። ከተቻለም አይፒቪ6ን፣ እጅግ ብዙ አድራሻ ያለውን አዲሱን አሠራር፣ ጎን ለጎን ክፈቱ። አፍሪካ ውስጥ አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአንድ ጥያቄ ከ/22 በላይ አይፒቪ4 (የቆየውን ዓይነት አድራሻ) አይሰጥም። እናንተ ለአንድ አዳራሽ የመደባችሁትን ያህል መሆኑ ነው፤ ለሥልጠናው ጥሩ መክፈቻ ይሆናችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሁልጊዜ አንድ ብልህ ሰው የራሱን ትንሽ ራውተር ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይመጣና ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። ያ ራውተር ለጎረቤቶቹ የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ኬብሎቹን በሚያገናኘው ስዊቻችሁ ላይ ከእናንተ ራውተር ሌላ ማንም አድራሻ እንዳይሰጥ ቀድማችሁ አግዱ።

ዋይፋዩ

አንድ ትልቅ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሣጥን) ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ኃይሉን እስከ መጨረሻ መልቀቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ስልኩ አክሰስ ፖይንቱን ይሰማዋል፤ የስልኩ ድምፅ ግን ደካማ ስለሆነ ተመልሶ አይደርስም። ስልኩ ላይ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ይታያል፣ ገጹ አይከፈትም። ከዚህ ይልቅ ብዙ አክሰስ ፖይንት፣ እያንዳንዱ በዝቅተኛ ኃይል። ለ50 ሰው አንድ ብላችሁ ብትነሡ አትሳሳቱም። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ሞገዱን ይውጣል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የለካችሁት ፍጥነት ሰው ሲሞላ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ሰዉን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ግፉት፤ የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርትዝ ላይ አቁሙት። ፍጥነቱ ለአንድ ሰው ይቀንሳል፣ ለሁሉም ግን ይዳረሳል። የስልክ ሆትስፖት የሚከፍቱትን ደግሞ በትሕትና ለምኗቸው። እንደ ጣና እምቦጭ ነው፤ አንዱ ሲከፍት ሁለተኛው ይከፍታል፣ ከዚያ ለማንም ቦታ አይኖርም።

መብራት ሲሄድ

ሆቴሉ «ጄኔሬተር አለን» ይላችኋል። እውነት ነው፣ አለው። ግን መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ናት ጉዱ። ራውተር፣ ስዊች፣ አክሰስ ፖይንት ሁሉም ይጠፋሉ፤ እንደገና ተነሥተው እስኪረጋጉ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን አስቡት።

አክሰስ ፖይንቶቹን በዳታ ኬብሉ በኩል ኃይል ከሚሰጥ ስዊች ጋር አገናኙ። ያኔ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ከስዊቹና ከራውተሩ ሥር ብታስቀምጡ አዳራሹ በሙሉ ይተርፋል። ላፕቶፑም ስልኩም የራሱ ባትሪ አለው። ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፤ ተናጋሪው በቃሉ ይቀጥል። ኬብሉ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ብቻ ተጠንቀቁ።

ዲቫይደር በብዛት ግዙ። ሰው ሶኬት ፍለጋ ወንበር ይዞ ወደ ግድግዳ ሲሸሽ ስብሰባው ስብሰባ አይመስልም።

ይህን ሁሉ ከመክፈቻው ሁለት ቀን በፊት ዘርጉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማን ምን ይናገር

ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ስፖንሰር ይሁኑ፣ ጠረጴዛ ስጧቸው፤ መድረኩን ግን ለሽያጭ አትልቀቁ። ሰው የሚጠብቀው ሌላው ባለሙያ ምን ተበላሽቶበት እንዴት እንደጠገነው መስማት ነው። እኛ ዘንድ ግን የመሥሪያ ቤትን ጉድለት አደባባይ ማውጣት ያስፈራል። አለቃ ይቆጣል። እንዲህ አድርጉ፦ አንድ ክፍለ ጊዜ ካሜራ ሳይበራ፣ የድርጅት ስም ሳይጠራ ይሁን። የመጀመሪያውን ታሪክ ራሳችሁ አውሩ። እኔ ያን የ254 አድራሻ ጉድ ባወራሁ ቁጥር ቢያንስ ሁለት ሰው እጁን ያወጣል።

ለንግግር 20 ደቂቃ ይበቃል። የሻይ ዕረፍቱን ግን ከግማሽ ሰዓት አታሳንሱት። የሁለት ድርጅት መሐንዲሶች ስልክ የሚለዋወጡት እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሌሊት መስመር ሲቋረጥ የሚደዋወሉትም እነሱ ናቸው።

ዘጌ

እንግዳ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ጣናን ሳይሻገር አይመለስም። ዓርብ ጠዋት ውሰዷቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡበት ቡድኑን ለሁለት ይከፍልባችኋል፤ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል። የጀልባውን ዋጋ ከዋዜማው ተነጋገሩ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱንም በሰው ልክ ቁጠሩ።

ራውተሩን፣ ስዊቹን፣ ዲቫይደሩን ግን ሐሙስ ማታውኑ ሰብስቡ። ከጀልባ መልስ ኬብል የሚጠቀልል ሰው አታገኙም።