«ዊዝ አይ» ለምን እንላለን? የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች አሉ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ትልልቅ ሰዎችም አሉ። ሁሉም የተውላጠ ስሙን ሰንጠረዥ በቃላቸው ይወጡታል። «አይ፣ ሚ፣ ማይ፣ ማይን፤ ሂ፣ ሂም፣ ሂዝ» እያሉ አንዲት ሳይስቱ ይጨርሱታል። ወሬ ሲጀመር ግን «ሂ ኬም ዊዝ አይ» ይመጣል።

ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሰንጠረዡን እንደገና መሸምደድም አይፈታውም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ስለምንናገር ነው፤ የሚመጣውም በየቦታው ሳይሆን ሁልጊዜ እዚያው የታወቁ ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። ቦታዎቹን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

መሠረቱን በአጭሩ እናስታውስ። አይ፣ ሂ፣ ሺ፣ ዊ፣ ዜይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆኑ ነው የሚመጡት። ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስ፣ ዜም ደግሞ ድርጊቱ ሲያርፍባቸው (ተሳቢ ሲሆኑ)፣ ወይም እንደ ዊዝ፣ ፎር፣ ፍሮም ካለ መስተዋድድ በኋላ ሲመጡ። ዩ እና ኢት በሁለቱም ቦታ አይለወጡም። ድሮ ዩም ይለወጥ ነበር፤ ባለቤት ሲሆን «ዪ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ዩ» ነበር የሚባለው፣ ኋላ ላይ ዩ ሁለቱንም ቦታ ወረሰ። ለኛ ቀለለልን።

ችግር፦ «ዊዝ አይ»፣ «ፎር ሂ»፣ «ፍሮም ዜይ»

ይሄኛው ዋናው ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

አማርኛ ተሳቢን በ«ን» ያሳያል። «እሱን አየሁት» እንላለን። ስለዚህ «አይ ሶው ሂም» ላይ ብዙም አንሳሳትም፤ «እሱን» ስንል «ሂም» ራሱ ይመጣል። አሁን «ከእሱ ጋር መጣሁ» በሉ። «ን» የታለች? የለችም። አማርኛ ላይ «ለ»፣ «ከ»፣ «ስለ»፣ «ወደ» የሚጣበቁት ባዶው ቃል ላይ ነው፤ ለእኔ፣ ከእሱ፣ ስለ እነሱ፣ ወደ እሷ። «ከእሱን ጋር» የሚል ሰው የለም። ጭንቅላታችን «እሱ» ማለት «ሂ» ነው ብሎ ስለያዘ «ከእሱ ጋር» ሲደርስ ያለ ምንም ጥርጣሬ «ዊዝ ሂ» ብሎ ያወጣዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከመስተዋድድ በኋላ ሁልጊዜ ተሳቢውን ነው የሚፈልገው።

መፍትሄው ሕጉን ማሰብ ሳይሆን ሁለቱን ቃላት አጣብቆ መልመድ ነው። «ዊዝ ሚ፣ ፎር ሚ፣ ቱ ሚ፣ ፍሮም ሚ፣ አባውት ሚ፣ ዊዛውት ሚ» እያላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። ቀጥሎ በሂም፣ ከዚያ በኸር፣ በአስ፣ በዜም። ጆሮ ሲለምደው «ዊዝ ሂ» ራሱ ይጎረብጣል።

እዚህ ድሬ ላይ ደግሞ ጥሩ መንገድ አለን። ብዙዎቻችሁ ኦሮምኛ ትችላላችሁ። ኦሮምኛ በዚህ ጉዳይ ከአማርኛ ይልቅ ለእንግሊዝኛ ይቀርባል! «እሱ መጣ» ስትሉ «ኢንኒ ዹፌ» ትላላችሁ፤ «እሱን አየሁ» ሲሆን «ኢሳ አርጌ»፤ «ከእሱ ጋር» ሲሆን ደግሞ «ኢሳ ወሊን»። ተሳቢው «ኢሳ» ነው፣ «ከእሱ ጋር» ሲባልም «ኢሳ»። ልክ እንደ ሂም። ስለዚህ ስትጠራጠሩ በአማርኛ ሳይሆን በኦሮምኛ በልባችሁ በሉት፤ «ኢንኒ» ከመጣ ሂ፣ «ኢሳ» ከመጣ ሂም። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ይህንን ስነግራቸው ወዲያው ነው የሚገባቸው። አቦ፣ በአንድ ግቢ ሦስት ቋንቋ እየሰማን አድገን በዚህ አለመጠቀም ያሳዝናል።

ችግር፦ «ዩ ሚስ ሚ» ብላ «ናፈቅከኝ» ለማለት የፈለገች ልጅ

እዚህ ላይ ሰዋስዉ ልክ ነው፣ መልእክቱ ግን ተገለበጠ። «እኔ ናፍቄሃለሁ» አለችው ማለት ነው።

ምክንያቱ ግሱ ነው። አማርኛ ላይ ስሜትና የሰውነት ነገር ሲሆን ሰውየውን ተሳቢ እናደርገዋለን። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ናፈቀኝ። መጨረሻቸው ላይ ያለችው «ኝ» እኔን ናት። ራቡ ነው የሚያደርገው፣ እኔ የሚደረግብኝ ነኝ። ጀማሪው «ሚ ሃንግሪ» የሚለው ከዚህ ነው፣ ገፋ ያለው ደግሞ «ዩ ሚስ ሚ» ይላል። ወደ ሐረር የሚሄደው መኪና ያመለጠው ሰው «ዘ ባስ ሚስድ ሚ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «አመለጠኝ» ውስጥ የሚያመልጠው መኪናው ነዋ።

መፍትሄ፦ በእነዚህ ግሶች ላይ እንግሊዝኛ የሚሰማውን ሰው ባለቤት ያደርጋል። «ማን ነው የተራበው? ማን ነው የናፈቀው? መኪናውን ያጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እኔ ከሆነ አይ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ ሚስ ዩ»፣ «አይ ሚስድ ዘ ባስ»። «ጠፋብኝ» ሲሆንም «አይ ሎስት ኢት» ነው።

ግን ተጠንቀቁ፣ «ኝ» ያለበትን ሁሉ ወደ አይ አትለውጡ። «ገረመኝ» ሲሆን «ኢት ሰርፕራይዝድ ሚ» ትክክል ነው። «ነገረኝ» ደግሞ «ሂ ቶልድ ሚ» እንጂ ሌላ አይሆንም። ግሱን ከነአቀማመጡ መያዝ ነው ያለው። አዲስ ግስ ስትማሩ ብቻውን አትጻፉት፤ ከፊቱ ሂ፣ ከኋላው ሚ አድርጋችሁ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩትና ማን ምን እንዳደረገ እዩ።

ችግር፦ «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ ዌንት ቱ ከፊራ» (ከፊራ የድሬዳዋ ገበያ ነው)፣ ወይም በተቃራኒው «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ»

ይሄ ከአማርኛ የመጣ አይደለም። እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው የሆነ ሰዎችም ይሳሳቱታል፣ ፊልም ላይም ትሰሙታላችሁ። ሁለት ሰው በ«ኤንድ» ሲገናኝ ቦታው ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ስህተት የሚወለደው ከመጀመሪያው እርማት ነው። ልጁ «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ» ሲል መምህሩ «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ በል!» ይለዋል። ለምን እንደሆነ አይነግረውም። ልጁ «ኤንድ» ካለ ሁልጊዜ አይ ነው ብሎ ይይዛል፣ ሚ የሚባለው ቃል ያልተማረ ሰው ቃል ይመስለዋል፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ቁጭ ብሎ «ዘ ማናጀር ኮልድ ማይ ብራዘር ኤንድ አይ» ይላል። ጨዋ ለመሆን ሲል ነው የተሳሳተው። እናንተ የምታስተምሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ስታርሙ ምክንያቱንም ንገሩ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሌላውን ሰው አውጡት። «ሚ ዌንት ቱ ከፊራ» ይባላል? አይባልም፤ ስለዚህ «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ ዌንት»። «ዘ ማናጀር ኮልድ አይ» ይባላል? አይባልም፤ ስለዚህ «ኮልድ ማይ ብራዘር ኤንድ ሚ»። «ቢትዊን» ላይ ብቻ ይሄ ፈተና አይሠራም፣ ምክንያቱም «መካከል» ሲባል የግድ ሁለት ያስፈልጋል። እሱን እንደ መስተዋድድ አስታውሱት፣ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ»፣ አለቀ።

ከሁለቱ መምረጥ ሲያቅታቸው «ማይሰልፍ» ውስጥ የሚደበቁም አሉ። «ማይ ብራዘር ኤንድ ማይሰልፍ ዌንት» አይሁን። ማይሰልፍ የሚገባው «አይ ኸርት ማይሰልፍ» ዓይነት ላይ ነው፣ አድራጊውም የሚደረግበትም ራሴው ስሆን፤ ወይም «እኔው ራሴ» ብሎ ለማጠንከር።

ችግር፦ «ሌት አይ ጎ»

«ልሂድ» ውስጥ ሂያጁ እኔ ስለሆንኩ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን «ሌት» ራሱ ግስ ነው፣ ከኋላው ተሳቢ ይፈልጋል። «ሌት ሚ ጎ»፣ «ሌት ሂም ካም»፣ «ሄልፕ አስ ፊኒሽ»። ሌት፣ ሜክ፣ ሄልፕ ካያችሁ ሚ፣ ሂም፣ አስ አስከትሉ።

ችግር፦ «አይ ሶው ሂዝ» እና «ሂም ቡክ»

እዚህ ላይ የምታሳስተው ኸር ናት። «አይ ሶው ኸር» (አየኋት) እና «ኸር ቡክ» (መጽሐፏ) አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስለዚህ የወንዱም ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም፤ ሂም የሚደረግበት ነው፣ ሂዝ ባለንብረቱ ነው። «ሂ ኔም ኢዝ» እና «ዜይ ሃውስ» የሚሉ ደግሞ እንደገና «የእሱ» ከሚለው ባዶ ቃል ነው የወሰዱት። የንብረት ጉዳይ ከሆነ ከስሙ በፊት ሂዝ፣ ኸር፣ አወር፣ ዜር ይግባ።

ችግር፦ «እኔ ነኝ» ሲባልና ሲነጻጸር

በር ተንኳኩቶ «ማን ነው?» ሲባል አማርኛው «እኔ ነኝ» ስለሆነ «ኢት ኢዝ አይ» ይመጣል። ስህተት አይደለም፣ የጥንቱ ሰዋስው እንዲያውም እሱን ይመርጣል። ግን ዛሬ ስልክ ላይም በር ላይም የሚባለው «ኢትስ ሚ» ነው። «ይበልጠኛል» ላይ ደግሞ «ቶለር ዛን ሚ» በንግግር ችግር የለውም። ለጽሑፍ ከፈለጋችሁ «ዛን አይ አም» ብላችሁ ግሱን ጨምሩ፣ ማንም አያርማችሁም። ልዩነት የሚያመጣው ትርጉሙ ሲለወጥ ነው፤ «ሺ ላይክስ ሂም ሞር ዛን ሚ» ማለት ከእኔ ይልቅ እሱን ትወደዋለች ሲሆን «ሞር ዛን አይ ዱ» ማለት እኔ ከምወደው በላይ ትወደዋለች ነው።

ሁ እና ሁም

በንግግር ሁ ብቻ ተጠቀሙ፣ ማንም አይቀየማችሁም። መጻፍ ሲመጣ በሂም መልሱት፤ መልሱ «ሂም» ከሆነ ጥያቄው ሁም ነው። መስተዋድድ ከፊቱ ከመጣ ደግሞ ሁም ግድ ነው፤ የድጋፍና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ራስ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» የሚባለው ለዚህ ነው፣ «ቱ» አለቻ።