ከየአቅጣጫው የመጣ ቡድን ሲመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ቢሮ ባልደረቦች፣ ቢሮው ባንክም ሆነ የሶፍትዌር ኩባንያ ወይም የእርዳታ ድርጅት፣ በቋንቋም በሃይማኖትም በዕድሜም እምብዛም አይመሳሰሉም። ከሐዋሳና ከጅግጅጋ የመጣ ይኖራል፤ ከናይሮቢ የተቀጠረ ይኖራል፤ ውጭ አገር አድጎ የተመለሰም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ቡድን የሚመሩ ሰዎች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። የራሳቸውን ልማድ «የተለመደው አሠራር»፣ የሌላውን ግን «ባህል» ብለው ስለሚይዙ ነው። የራስን ልማድ ደብቆ መምራት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ልማዱ የራስ መሆኑን አውቆ በግልጽ መናገርና አሠራሩን ለሁሉም በሚመች መንገድ ማበጀት ነው።

ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠር

ስብሰባ ላይ ኃላፊው ሐሳቡን ያቀርብና «ጥያቄ አለ?» ይላል። ማንም አይናገርም። ተስማምተናል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራው ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

ዝምታው ከብዙ ቦታ ይመጣል። አለቃን በሰው ፊት ማረም ድፍረት ነው ተብሎ ያደገ አለ። ታላቁ ሳይናገር አፉን የማይከፍት አለ። ሐሳቡ እያለው እንግሊዝኛው ስለሚያዘገየው፣ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቶ ሳይጨርስ ርእሱ የሚያልፍበትም አለ። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል።

የመወያያ ነጥቦቹን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይላኩ። ስብሰባው ሲጀመር ሁሉም ሐሳቡን በየወረቀቱ የሚጽፍበት 5 ደቂቃ ይስጡ። ከዚያ ከዝቅተኛው የሥራ መደብ ጀምረው ዙሩን ያስኪዱ፤ እርስዎ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ኃላፊ ቀድሞ ከተናገረ የቀረው ውይይት አጀብ ነው። «ይቻላል አይደል?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ይቻላል» ከመሆን አያልፍም። «ይህ እንዳይሳካ የሚያደርገው ምንድን ነው? ምን ይጎድላችኋል? በየትኛው ቀን ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። ስብሰባ ላይ ያልተናገረውን ሰው በዚያው ቀን ለብቻው ያነጋግሩት፤ ሐሳቡ ጥሩ ከሆነ ደግሞ በቀጣዩ ስብሰባ በስሙ ያንሱለት። ስሙን ትተው ሐሳቡን ብቻ ከወሰዱ ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ሰዓት፣ ቀንና ጾም

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚቀየምበት ግን እዚህ ላይ ነው።

«3 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል ከውጭ የመጣው ባልደረባ ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣል፤ በእሱ አቆጣጠር 3፡00 ያ ነውና። በጽሑፍ ሲላክ ሁለቱም ይጻፍ፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በአውሮፓውያን 9፡00»። ቀንም እንዲሁ ነው። የወሩ ስም ሳይኖር በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ይጠፋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር የለጋሾቹ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ ላይ ስለሚጀምር፣ «በዓመቱ መጨረሻ ይጠናቀቃል» የሚል ዕቅድ የየትኛው ዓመት መጨረሻ እንደሆነ ካልተጻፈበት ዕቅድ አይባልም።

ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስብሰባ አይጥሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ የምሳ ዕረፍታቸውን ያረዘሙት ለጁምዓ ሶላት ነው፤ የግል ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። በረመዳን ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት ያምጡ። ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እስከ 12 ሰዓት የሚጎተት ስብሰባ ሰውን መንገድ ላይ እንዲያፈጥር ያደርጋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም አንዳንዱ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ «ምሳ እየበላን እንወያይ» የሚባለው ነገር ለእሱ ሌሎች ሲበሉ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ድግስ ላይ የሚደገመው ስህተት ደግሞ አንድ ዓይነት ሥጋ አዝዞ «ለሁሉም ይበቃል» ማለት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የየራሱን እርድ ነው የሚበላው። የሙስሊሙ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይምጣ፤ በሌላ ድስት ይሠራ፤ ጠረጴዛው ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ጭልፋው ለየብቻ ይሁን። በጾም ወቅት፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ፣ ለሻይ ዕረፍት የሚመጣው ኬክ እንቁላልና ቅቤ እንዳለበት አይርሱ። ጎን ለጎን ቆሎ፣ ፍራፍሬና ያለ ወተት ሻይ ካለ ነገሩ አለቀ። ወጪውም ያን ያህል አይደለም።

በዓላትን በተመለከተ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ በዓመቱ መጀመሪያ የሚታሰበውን ቀን ይያዙና ሲቃረብ ያረጋግጡ። ለኢሬቻ ወይም ለፍቼ ጨምበላላ ፈቃድ የሚጠይቅ ካለ አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ያድርጉ፤ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የሚከለከል እንዳይሆን ደንቡን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

አንዱን ሰው የወገኑ ቃል አቀባይ ማድረግ

«እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲደጋገም ሰውዬው የሂሳብ ባለሙያ መሆኑ ይቀርና የአንድ ብሔር ተወካይ ይሆናል። ከዚህ የባሰው በትውልድ አካባቢው ግጭት በተነሳ ጊዜ በሰው መካከል አስተያየት እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። ምንም ቢል ከአንዱ ወገን ይመደባል። ዝም ቢልም ይመደባል።

በሩ ተዘግቶ ለብቻው «ቤተሰብ ደህና ናቸው? ስልክ ይሠራል? በዚህ ሳምንት የትኛውን ሥራ ላንሳልህ?» ይበሉት። የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ሐዘኔታ ብቻውን የሥራ ጫና አያቀልም።

ቅጥር ላይ ደግሞ የትውልድ ቦታን፣ ሃይማኖትን ወይም የትዳር ሁኔታን ለወሬ ያህል እንኳ አይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ለሁሉም ዕጩዎች ያንኑ 5 ወይም 6 ጥያቄ ያቅርቡ፤ ፈታኞች ነጥባቸውን ሳይመካከሩ ለየብቻ ይጻፉ፣ ከዚያ ይወያዩ። ተመካክሮ ነጥብ መስጠት ለዝምድና በር ይከፍታል።

አንዱን አንቱ፣ ሌላውን አንቺ

ከውጭ የተመለሱ ኃላፊዎች «እዚህ ሁላችንም አንተ እንባባላለን» ብለው ያውጃሉ። ወጣቶቹ ይደሰታሉ። የ55 ዓመቱ ሾፌር ግን የ28 ዓመት ሰው በአንድ ጠዋት አንተ ሲለው አክብሮቱ የተነጠቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ትልቁ ችግር አንተና አንቱ መባባሉ ሳይሆን አለመመጣጠኑ ነው። በእኩል መደብ ላይ ያሉት ወንድ መሐንዲስ «እርስዎ» ሲባሉ ሴቷ መሐንዲስ «አንቺ» ወይም «የኔ ቆንጆ» ከተባለች፣ ስብሰባው ላይ ያለ ሁሉ ማን ከማን እንደሚያንስ ተነግሮታል። ምን ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ እያንዳንዱን ይጠይቁ፤ በዚያው ይጽኑ።

ስብሰባውን በመሃል ወደ ሌላ ቋንቋ መቀየር

ስብሰባው በእንግሊዝኛ ተጀምሮ ክርክሩ ሲግል ወደ አማርኛ ይገባል፤ ኬንያዊው ባልደረባ ስልኩን ያያል። ጅማ ቅርንጫፍ ላይ ክርክሩ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲሄድ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ተራውን ይጠብቃል። ቋንቋ መቀየር ነውር አይደለም፤ ሰው የሚቆጣውም የሚቀልደውም አፉን በፈታበት ነው። ግን ቢበዛ በየ10 ደቂቃው አንድ ሰው ጠቅለል አድርጎ ይተርጉም፤ ውሳኔ የሚጸናውም ሁሉም በሚረዳው ቋንቋ ተጽፎ ሲነበብ ብቻ ይሁን። በአነጋገር ቅላጼ መቀለድ ደግሞ፣ ባለቤቱ አብሮ ቢስቅም፣ አይፈቀድ።

«እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» እያሉ በሰው ፊት መዝለፍ

ብዙ የሚያወያይ ነገር የለውም። ስህተትን ለብቻ፣ በተፈጸመ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከነማስረጃው ይንገሩ። በሽማግሌ ወይም በወዳጅ በኩል አይላኩ። ሁለት ሠራተኞች ሲጣሉ ሽምግልና ያስታርቃል፤ የሥራ ውጤት ምዘና ግን የኃላፊው የራሱ ሥራ ነው።

ለቅሶን በአንድ ቤተሰብ ልክ መስፈር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የትዳር ጓደኛ፣ ተወላጅ፣ ወላጅና ወደ ላይ የሚቆጠር ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ያሳደገች ጎረቤት ወይም የክርስትና እናት እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ሠራተኛው ግን በልቡ ልጅ ነው። «ዘመድህ አይደለችም» ብለው አይከራከሩ። ከዓመት ፈቃድ ላይ ይስጡት፤ ካለቀበት ደግሞ ያው አዋጅ ለየት ላለና ከባድ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ባይበልጥም። ወላይታ ወይም ጎንደር ድረስ ለሚጓዝ ሰው የመንገዱንም ቀን ያስቡለት።

የቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ

ኃላፊው የራሱን እምነት ጥቅስ ወይም የፖለቲካ ዜና ግሩፑ ላይ ሲለጥፍ «ማንነቴን አልደብቅም» ይላል። ባይደብቅ መልካም ነው፤ የራሱ ገጽ አለው። የሥራ ግሩፕ ላይ ግን ሌላው ሰው ልብ ምልክት መስጠትና አለመስጠት ያሳስበዋል፤ ደመወዙን የሚወስን ሰው ነው የለጠፈው። ግሩፑ ለሥራ ብቻ ይሁን፤ የበዓል መልካም ምኞት ከተላከ ለሁሉም በዓል ይላክ፣ አለዚያ ጨርሶ አይላክ።